ስለ መርከቦች የውኃ ፍትጊያና ፍትጊያው በአየር ስለሚቀነስበት ዘዴ

መርከብ በባሕር ላይ ሲሄድ ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ያለ ድካም የሚንሸራተት ይመስላል። ነገር ግን ከውኃው በታች ያለውን ነገር ለሚመረምር ሰው፥ መርከቡ ከወደብ እስከ ወደብ ድረስ ያለ ዕረፍት የሚታገል መሆኑ ይገለጥለታል። የሚታገለውም ከራሱ ከውኃው ጋር ነው፤ የትግሉም ዋጋ የሚከፈለው በነዳጅ ነው። በዓለም መንግሥታት መካከል ከሚመላለሰው የንግድ ዕቃ አብዛኛው በባሕር የሚጓጓዝ ስለ ሆነ፥ ለዚህ ትግል የሚወጣው ገንዘብ በመጨረሻው በስንዴው፥ በማዳበሪያው፥ በብረቱና በጨርቁ ዋጋ ላይ ይታከላል። ስለዚህ ባሕር አይቶ የማያውቅ ገበሬ እንኳ ሳያውቀው ከዕዳው ተካፋይ ነው።

ይህን ድካም ለመቀነስ ከታሰቡት ዘዴዎች አንዱ፥ በመርከቡ ሆድና በውኃው መካከል አየር ማስገባት ነው። አሳቡ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ቢሆንም፥ በትልልቅ የንግድ መርከቦች ላይ ተተክሎ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በዚህ ትምህርት የነገሩ መሠረት፥ ታሪኩ፥ አሠራሩ፥ የወጪና የትርፉ ሒሳብ፥ እንዲሁም የሚገጥሙት ችግሮች በየተራቸው ይገለጣሉ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ውኃ የመርከብን ጉዞ የሚቃወምበት ምክንያት

ውኃ የመርከብን ጉዞ የሚቃወመው በሁለት ዐበይት መንገዶች ነው።

አንደኛው በማዕበል ነው። መርከቡ ውኃውን በአፍንጫው እየገፋ ሲሄድ በግራና በቀኙ፥ በስተኋላውም ማዕበል ያስነሣል። ማዕበል ለማንሣት ኃይል ያስፈልጋል፤ ያም ኃይል የሚወጣው ከመርከቡ ሞተር ነው።

ሁለተኛው በፍትጊያ ነው። ከመርከቡ ቆዳ ጋር የተነካካው ውኃ በቆዳው ላይ ተጣብቆ ከመርከቡ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህ የተጣበቀው ውኃ አጠገቡ ያለውን ውኃ ይጎትታል፤ ያም በተራው ቀጥሎ ያለውን ይጎትታል። በዚህም ምክንያት መርከቡ ራሱን ብቻ ሳይሆን፥ እንደ ካባ የለበሰውን ውኃ ጭምር እየጎተተ ይጓዛል። የዚህ የውኃ ካባ ውፍረት በአፍንጫው በኩል ከምንም የማይቈጠር ሲሆን፥ ወደ ኋላ በሄደ መጠን እየወፈረ ይሄዳል፤ በረዥም መርከብ በስተኋላው ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል።

እነዚህን ሁለት ተቃውሞዎች ለይቶ በመለካት የታወቀው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ ነው። ፍሩድ በ1810 ተወልዶ በ1879 ሞተ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቶርኪ በተባለችው ከተማ ረዥም የውኃ ገንዳ አሠርቶ፥ ትንንሽ የመርከብ አምሳያዎችንና በልዩ ልዩ ነገር የተለበጡ ሳንቃዎችን በውኃው ውስጥ እያስጎተተ ተቃውሟቸውን ለካ። በ1871ም ግሬይሃውንድ የተባለችው የጦር መርከብ በሌላ መርከብ እንድትጎተት አድርጎ፥ በትንሹ የተገኘው ሒሳብ በትልቁም የሚሠራ መሆኑን አረጋገጠ። ከሥራው የተገኘው ትምህርት በአጭሩ ሲገለጥ፥ ፍትጊያው የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ እነዚህም ውኃ የሚነካው የገላው ስፋት፥ የገላው ልስላሴ ወይም ሻካራነት፥ የጉዞውም ፍጥነት ናቸው።

ከሁለቱ ተቃውሞዎች የትኛው እንደሚበልጥ የሚወሰነው በመርከቡ ዓይነት ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሮጥ የጦር መርከብ ብዙውን ኃይሉን በማዕበል ላይ ያጠፋል። ዘይት፥ እህል ወይም የብረት ማዕድን ጭኖ በዝግታ የሚጓዝ ሰፊ መርከብ ግን፥ ከሚገጥመው ተቃውሞ ከመቶ 60 እስከ 80 እጅ የሚሆነው ፍትጊያ ነው። የዓለምን ከባድ ጭነት የሚሸከሙትም እነዚህ ዝግተኞቹ ስለ ሆኑ፥ ፍትጊያን መቀነስ ማለት ዋናውን ወጪ መቀነስ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለጥንት መርከበኞችም የተሰወረ አልነበረም። በውኃ ውስጥ የቆየ ሳንቃ ዛጎልና የባሕር ሣር ያበቅላል፤ ሻካራ ሆኖም መርከቡን ያዘገያል። ስለዚህ በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከቦቹን ሆድ በመዳብ ቆርቆሮ አለበሰ። በጣና ሐይቅ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችም ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ለቀዛፊው ምን ያህል አድካሚ እንደሚሆን ስለሚያውቁ፥ ከውኃ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል። ምክንያቱ ሁለት ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ በውኃ ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ የሚያስከፍለው ዋጋ በገላው ሁኔታ ይወሰናል።

2. አየር የተመረጠበት ምክንያት

ገላውን ማለስለስና ማጽዳት ወሰን አለው። ቆዳው እንደ መስተዋት ቢለሰልስም ውኃው በላዩ ላይ መጣበቁ አይቀርም። ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ውኃው ገላውን ጨርሶ እንዳይነካ ማድረግ አይቻልምን?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ በአየርና በውኃ ልዩነት ውስጥ ይገኛል። እኩል መጠን ያላቸው ውኃና አየር ቢመዘኑ፥ ውኃው 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ደግሞም ማንኪያ በማር ውስጥ ሲማሰል እጅን እንደሚከብድ፥ በውኃ ውስጥ ግን በቀላሉ እንደሚዞር የታወቀ ነው፤ ይህም የፈሳሹ የመዝለግለግ ጠባይ ነው። በዚህ ጠባይ ውኃ ከአየር 50 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በመርከቡ ሆድና በውኃው መካከል ስስ የአየር ንጣፍ ቢዘረጋ፥ በዚያ ቦታ ላይ የሚቀረው ፍትጊያ እጅግ ጥቂት ይሆናል።

ነገሩን ከቤት ሥራ በተወሰደ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ከማፍሰሷ በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሳለች። ማሰሻው ከወረቀት የሳሳ ቢሆንም እንጀራው ከምጣዱ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። አየርም ለመርከብ እንደ ማሰሻ ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ማሰሻው በምጣዱ ላይ ይቀራል፤ አየር ግን ከመርከቡ ሥር እየሸሸ ያመልጣል። ስለዚህ ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ ሳይቋረጥ መተካት አለበት። የዚህ ትምህርት ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አንድ ነገር ነው።

ተፈጥሮ ግን ዘዴውን ከሰው በፊት ታውቀዋለች። በደቡብ ዋልታ የሚኖረው ታላቁ ፔንግዊን ከባሕር ወደ በረዶው ዘሎ ሊወጣ ሲፈልግ፥ በላባው ውስጥ የያዘውን አየር በጥቃቅን አረፋ መልክ እየለቀቀ ወደ ላይ ይፈተለካል። በ2011 የታተመ ጥናት ይህ አረፋ የውኃውን ፍትጊያ ቀንሶለት ፍጥነቱን እንደሚጨምርለት አስረድቷል።

3. የአሳቡ ታሪክ

አበው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዳሉት፥ ይህ አሳብም በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል።

በ1870ዎቹ ፍሩድ ራሱ በመርከብ ሆድ ሥር አየር የማስገባትን ነገር አንሥቶ ነበር። በ1880ዎቹም የወተት ቅባት መለያ መኪና በመፍጠር የታወቀው ስዊድናዊው መሐንዲስ ጉስታፍ ደ ላቫል ይህንኑ አሳብ አቀረበ። ነገር ግን በዚያን ዘመን አየርን በብዛትና በርካሽ የሚጨምቅ መሣሪያ ስላልነበረ፥ ስለ ፍትጊያውም ጠባይ የነበረው ዕውቀት ጥቂት ስለ ነበረ፥ አሳቡ ወደ ንግድ ሥራ አልገባም።

በ1915 ዳጎበርት ሚውለር ፎን ቶማሚውል የተባለ የኦስትሪያና የሁንጋሪያ ባሕር ኃይል መኰንን በሆዷ ሥር አየር የሚነፋባት ፈጣን ጀልባ አሠራ። ጀልባዋ በሰዓት ከ32 የባሕር ማይል በላይ ሄደች፤ ይሁን እንጂ ለሥራ ሳትሰፋፋ ቀረች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የእንግሊዛዊው የክሪስቶፈር ኮከረል ታሪክ ነው። ኮከረል አስቀድሞ የሬዲዮ መሐንዲስ ነበረ፤ በኋላም በምሥራቅ እንግሊዝ ጀልባ መሥራት ጀመረ። በ1950ዎቹ ዓመታት ጀልባዎቹን ለማፍጠን በማሰብ በሆዳቸው ሥር አየር ስለ ማስገባት ይመራመር ነበር። ሲመራመርም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ስስ የአየር ንጣፍ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ፥ ንጣፉን አወፍሮ ጀልባዋን በሙሉ ከውኃው በላይ ማንሣት ይሻላል አለ። ሁለት ባዶ የቆርቆሮ ጣሳዎችንና የአየር መንፊያ በመጠቀም አሳቡ የሚሠራ መሆኑን አሳየ። ከዚህም ሆቨርክራፍት የተባለው በአየር ትራስ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ ተወለደ። የመጀመሪያይቱ ሆቨርክራፍት ሐምሌ ወር 1959 በ25ኛው ቀን ከካሌ ተነሥታ የእንግሊዝን ባሕር ተሻግራ ዶቨር ገባች። እንግዲህ ፍትጊያን ለመቀነስ የተጀመረው ምርምር ባልታሰበ መንገድ ሌላ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ሆቨርክራፍት ግን ክብደቷን በሙሉ በአየር ስለምታነሣ ብዙ ኃይል ትፈጃለች፤ ከባድ ጭነት ለሚሸከሙት መርከቦች ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ።

በሶቪየት ኅብረትም ሊቃውንት በመርከብ ሆድ ውስጥ ጉድጓድ ሠርቶ አየር መያዝን በሰፊው አጠኑ። ከዚህ ጥናት የተገኘችው ሴርና የተባለችው የሩሲያ ወታደር ማውረጃ ጀልባ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሰዓት 30 የባሕር ማይል ያህል እንድትሄድ ሆና ተሠራች።

በአሜሪካ በ1973 ማክኮርሚክና ባታቻርያ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኤሌክትሪክ ኃይል ከውኃው ውስጥ የሃይድሮጅን አረፋ በማውጣት የሚጎተት ነገር ፍትጊያ እንደሚቀነስ አሳዩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በፔንሲልቫንያ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ፥ ጥቃቅን አረፋ በሚለቀቅበት ቦታ ላይ ፍትጊያው እስከ ከመቶ 80 እጅ ድረስ ሊቀነስ እንደሚችል አረጋገጡ። ይህ ቍጥር ብዙ ተስፋ አሳደረ። ተስፋውና በባሕር ላይ የተገኘው ውጤት ለምን እንደተራራቁ ቀጥሎ ይታያል።

4. አየሩ የሚሠራባቸው ሦስት መንገዶች

ሀ. በአረፋ። በመርከቡ ሆድ የፊት ክፍል ብዙ ቀዳዳዎች ተበጅተው አየር ይነፋባቸዋል። አየሩ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ጥቃቅን አረፋ ይሆናል፤ በገላው አጠገብ ያለውን ውኃ ያቀልለዋል፥ የውኃውንም ሁከት ያበርዳል። ችግሩ አረፋው በገላው አጠገብ ጸንቶ አለመቈየቱ ነው። በሜምፊስ ከተማ በሚገኘው ታላቅ የውኃ መሞከሪያ ቦይ 12.9 ሜትር ርዝመት ባለው ሳንቃ ላይ የተደረገውና በ2008 የታተመው ጥናት፥ አረፋው ከተለቀቀበት ቦታ ጥቂት ሜትሮች ከሄደ በኋላ ከገላው እየራቀ ጥቅሙ እንደሚጠፋ አሳይቷል። 5 ሜትር ለሚሆን አምሳያ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ 200 ሜትር ለሆነ መርከብ ግን አይበቃም። በቤተ ሙከራ የተገኘው ታላቅ ቍጥር በባሕር ላይ ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለ. በአየር ንጣፍ። ያው ጥናት የአየሩ መጠን ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ አረፋዎቹ ተያይዘው ያልተቋረጠ ንጣፍ እንደሚሆኑ ገልጧል። በዚያን ጊዜ ፍትጊያው ከመቶ 80 እጅ በላይ ወርዶ፥ ጥቅሙም እስከ ሳንቃው መጨረሻ ድረስ ዘለቀ። ነገር ግን ልኩ እስኪደርስ ድረስ ብዙ አየር ያስፈልጋል፤ የመርከቡም ፍጥነት ሲጨምር ልኩ አብሮ ይጨምራል። ገላው ሻካራ ከሆነም ተጨማሪ አየር ይጠይቃል።

ሐ. በአየር ጉድጓድ። የመርከቡ ሆድ እንደ ተገለበጠ ገበታ ጎድጎድ ተደርጎ ይሠራል፤ አየሩም በጉድጓዱ ውስጥ ይታቈራል። አየር ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድና በላዩ ያለው የመርከቡ ሆድ ስለሚያግደው በቀላሉ አያመልጥም። በዚህ መንገድ የሚተካው አየር ጥቂት ነው። ነገር ግን መርከቡ ከመጀመሪያው በዚህ ቅርጽ መሠራት አለበት፤ ባሕሩም ሲናወጥ አየሩ ከጉድጓዱ እየፈሰሰ ይወጣል።

ከእነዚህ በቀር አየርን ያለ መንፊያ የሚይዝ ቆዳ ለመሥራት የሚደረግ ምርምር አለ። ሳልቪንያ የተባለው በውኃ ላይ ተንሳፋፊ ተክል፥ ማለት በኬንያ የናይቫሻን ሐይቅ በአንድ ወቅት ያስቸገረው አረም፥ ቅጠሉ በጥቃቅን ጠጕር የተሸፈነ ስለ ሆነ ውኃ ውስጥ ሲነከር አየር እንደ ለበሰ ይቈያል። በጀርመን አገር የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ጠባይ አጥንተው፥ መሐንዲሶች በመርከብ ቆዳ ላይ ሊለጠፍ የሚችል አምሳያ ለመሥራት እንዲሞክሩ መንገድ ከፍተዋል።

5. የወጪና የትርፉ ሒሳብ

አየር ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ይመስላል፤ ከባሕር በታች ለማውረድ ግን ዋጋ አለው። ወደ ጥልቅ ውኃ በተወረደ መጠን የውኃው ጭነት ይጨምራል፤ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የሚጨመረው ጭነት በባሕር ጠረፍ ላይ አየር ከሚጫነን ጭነት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሆዱ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ መርከብ፥ አየሩን በእጥፍ ጨምቆ ካልሆነ በቀር ማስወጣት አይችልም።

አንባቢው የሒሳቡን አካሄድ እንዲረዳ አንድ ግምታዊ መርከብ ይወሰድ። ሞተሩ 8,000 የፈረስ ጕልበት ይሁን፤ ወርዱ 20 ሜትር፥ ፍጥነቱ በሰዓት 14 የባሕር ማይል፥ ሆዱም በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ይሁን።

ከሞተሩ ኃይል ከመቶ 60 እጅ በፍትጊያ ይጠፋል ቢባል፥ ይህ 4,800 የፈረስ ጕልበት ነው። ከዚህም ግማሹ የጠፍጣፋው ሆድ ድርሻ ነው ቢባል 2,400 ይሆናል፤ ጎንና ጎኑን አየር ሊይዘው ስለማይችል ከሒሳቡ ይወጣል። አየሩ የሆዱን ፍትጊያ ከመቶ 25 እጅ ቢቀንስ፥ የሚድነው ኃይል 600 የፈረስ ጕልበት ነው።

አሁን ወጪው ይታሰብ። በሆዱ ወርድ ሁሉ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአየር ንጣፍ ሳይቋረጥ ለመዘርጋት፥ የመሣሪያውም ብክነት ታስቦ፥ አየር መጭመቂያው 200 የፈረስ ጕልበት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የተጣራው ትርፍ 400 የፈረስ ጕልበት፥ ማለት ከሞተሩ ኃይል ከመቶ 5 እጅ ይሆናል።

ያው መርከብ ሆዱ በ5 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን ኖሮ፥ መጭመቂያው የሚፈጀው ከ100 የፈረስ ጕልበት ያነሰ ስለሚሆን ትርፉ ከመቶ 6 እጅ ይበልጥ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለዚህ ዘዴ የሚስማማው ሆዱ ሰፊና ጠፍጣፋ፥ ጥልቀቱ አነስተኛ፥ ፍጥነቱ ያልተለዋወጠ፥ በዓመትም ብዙ ቀን በጉዞ ላይ የሚውል መርከብ ነው። ሆዱ ሾጣጣ የሆነ መርከብ ግን አየሩ በጎኑ እያመለጠ ስለሚወጣ ዋጋውን አይመልስም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የመሣሪያ ሻጭ «600 የፈረስ ጕልበት አድናለሁ» ቢል ውሸት አልተናገረም፤ ነገር ግን መጭመቂያው የፈጀውን 200 አልተናገረም። ስለዚህ ማናቸውም ሰው እንዲህ ያለ ቍጥር ሲነገረው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ትርፉ ከወጪው በፊት ነው ወይስ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ ነው የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ለመርከብ ብቻ ሳይሆን ለውኃ መሳቢያ፥ ለወፍጮና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚገዛ መሣሪያ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

6. ዘዴው በሥራ ላይ

በጃፓን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሴይዩን ማሩ በተባለች የመርከበኞች ማሠልጠኛ መርከብ ላይ የአረፋ ሙከራ ተደረገ። የተገኘው ትርፍ በጥቂት ከመቶ እጅ የሚቈጠር ነበረ፤ አረፋው ወደ ኋላ ሄዶ ፕሮፔለር በተባለው የመርከቡ ማሽከርከሪያ ውስጥ ሲገባም የማሽከርከሪያው ኃይል እንደሚቀንስ ታወቀ። ከዚህ ትምህርት በመነሣት ሚትሱቢሺ የተባለው ኩባንያ ያማታይ የተባለችውን መርከብ አየር ማፍሰሻ ተክሎላት በ2010 ለሥራ አስረከበ። ያማታይ ግዙፍ የፋብሪካ ክፍሎችን የምትጭን፥ ሆዷ ሰፊና ጥልቀቷ አነስተኛ የሆነች መርከብ ስለ ነበረች ለዘዴው የተመቸች ነበረች። ኩባንያውም ትርፉ ከመቶ 10 እጅ ገደማ መሆኑን ገለጠ።

በ2014 ደግሞ አማሊየንቦርግ በተባለች ዘይት ጫኝ መርከብ ላይ ሲልቨርስትሪም በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ መሣሪያ ሙከራ ተደርጎ፥ የተጣራው ትርፍ ከመቶ 4 እጅ በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረችው ክዋንተም ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው ታላቅ የመንገደኞች መርከብም አየር ማፍሰሻ ተተክሎላታል። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በጋዝ ጫኝ፥ በኮንቴይነር ጫኝና በመንገደኛ መርከቦች ላይ እየተስፋፋ ሄዷል።

ይህን ትንሽ ትርፍ በእርግጥ መለካት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሎ ነገ ሊናወጥ ይችላል፤ ነፋሱ ከፊት ወይም ከኋላ ሊመጣ፥ ጭነቱም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የዚህን ወር ነዳጅ ካለፈው ወር ነዳጅ ጋር ማስተያየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዕውነተኛው ፈተና በአንድ ቀን፥ በአንድ ባሕርና በአንድ ፍጥነት አየሩን እየከፈቱና እየዘጉ፥ በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚታየውን የኃይል ልዩነት መመዝገብ ነው።

7. ችግሮችና የሕግ ነገር

ከተገለጡት በቀር ሌሎች ችግሮች አሉ። መርከቡ በማዕበል ሲንገላታ አየሩ ወደ አንድ ወገን ያደላል። የአየር ማውጫው ቀዳዳ በዛጎል ሊደፈን፥ በጨው ሊበላ ይችላል። መሣሪያውን በቆየ መርከብ ላይ ለመትከል መርከቡን ከውኃ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህም ወጪ አለው። ደግሞም አየር የተበላሸውን ገላ አያድንም፤ ሆዱ ካልጸዳ አየሩ የሚያድነውን ዛጎሉ መልሶ ይወስደዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የገንዘብ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መርከቡ ለጊዜው ሲከራይ ነዳጁን የሚከፍለው ተከራዩ ነው፤ መሣሪያውን የሚገዛው ግን ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ለሌላ ሰው ትርፍ ገንዘቡን ለማውጣት አይቸኩልም፤ ተከራዩም ለሰው መርከብ መሣሪያ አይገዛም። በኪራይ ቤት ጣራው ሲያፈስ አከራይና ተከራይ እንደሚጠባበቁት ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ጠቃሚነቱ የታወቀ መሣሪያ እንኳ ሳይተከል ሊቀር ይችላል።

ይህን እንቅፋት ከቀነሱት ነገሮች አንዱ ሕግ ነው። የዓለም የባሕር ድርጅት ባስጠናው ጥናት መሠረት፥ በ2018 ሰዎች ወደ አየር ከሚለቋቸው ምድርን የሚያሞቁ ጋዞች ከመቶ 3 እጅ ያህሉ ከመርከቦች የሚወጣ ነበር። ድርጅቱ ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ አዲስ መርከቦች በሚሠሩበት ጊዜ በተወሰነ የነዳጅ ቍጠባ ልክ እንዲሠሩ ደነገገ፤ በአየር ፍትጊያን መቀነስም በዚሁ ልክ አቈጣጠር ውስጥ እንዲታሰብ መመሪያ አወጣ። ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶም በሥራ ላይ ያሉት የቆዩ መርከቦች በልዩ መለኪያ እንዲመረመሩና በየዓመቱም ደረጃ እንዲሰጣቸው ሆነ። ከዚህ የተነሣ ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ የሚሆን ቍጠባ ለአንድ መርከብ ደረጃውን የሚያስጠብቅ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ከአየር በፊት የሚታሰብ ቀላል መድኃኒት መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። የሞተሩ ኃይል ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚያድግ፥ ፍጥነቱን ከመቶ 10 እጅ የቀነሰ መርከብ ሞተሩ ከሚያወጣው ኃይል ከመቶ 27 እጅ ያህል ይቈጥባል። ጉዞው ስለሚረዝም የነዳጁ ቍጠባ ወደ ከመቶ 19 እጅ ይወርዳል፤ እንዲህም ሆኖ ከአየሩ ትርፍ ይበልጣል። ስለዚህ አየር ብቻውን የሚያድን መድኃኒት አይደለም። ከመልካም ቅርጽ፥ ከንጹሕ ሆድ፥ ከተመጠነ ፍጥነትና ከጥሩ ማሽከርከሪያ ጋር የሚተባበር አንድ ድር ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏልና።

8. ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፥ የውጭ ንግድ ዕቃዋ አብዛኛው በባሕር ተጉዞ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚያልፍ ነው። የማዳበሪያው ጆንያ ወደ ገበሬው ደጃፍ ከመድረሱ በፊት በመኪና የተጓዘው መንገድ በዓይን ይታያል፤ በባሕር የተጓዘው ግን አይታይም። ከ2023 መጨረሻ አንሥቶ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው በሄዱ ጊዜ፥ የመንገዱ መርዘም የነዳጁን ወጪ እንዴት እንደሚያበዛው በግልጽ ታየ። መንገድ ሲረዝም ከመቶ 5 እጅ የሚባለው ትንሽ ቍጥር ትልቅ ገንዘብ ይሆናል።

በአጭሩ፥ ውኃ መርከብን የሚጎትተው በገላው ላይ ስለሚጣበቅ ነው። አየር ጣልቃ ሲገባ መጣበቁ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አየሩ ስለሚያመልጥና ወደ ጥልቁ ለማውረድ ኃይል ስለሚጠይቅ፥ በቤተ ሙከራ 80 የነበረው ቍጥር በባሕር ላይ ወደ 5 ይወርዳል። ይህ 5 ግን ዕውነተኛ ነው። ፍሩድና ደ ላቫል ያሰቡት ነገር ከ100 ዓመት በላይ ቈይቶ ሥራ ላይ የዋለው፥ ትልቁን ተስፋ በትንሹ ትርፍ ለመለወጥ የታገሡ ሰዎች ስለ ተገኙ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ውኃ የመርከብን ጉዞ የሚቃወምባቸው ሁለት መንገዶች ምንና ምን ናቸው? በዝግታ በሚሄድ ጭነት ጫኝ መርከብ የሚበልጠው የትኛው ነው?
2. አየርና ማሰሻ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. ጥቃቅን አረፋ ለአጭር አምሳያ ሲጠቅም ለረዥም መርከብ የማይበቃው ለምንድር ነው?
4. የሞተሩ ኃይል 10,000 የፈረስ ጕልበት የሆነ መርከብ ከመቶ 60 እጁን በፍትጊያ ያጠፋል፤ ከዚህም ግማሹ የሆዱ ድርሻ ነው። አየሩ የሆዱን ፍትጊያ ከመቶ 20 እጅ ቢቀንስና መጭመቂያው 250 የፈረስ ጕልበት ቢፈጅ፥ የተጣራው ትርፍ ከመቶ ስንት እጅ ነው?
5. የመርከብ ባለቤትና ተከራይ ሁለቱም የሚጠቅም መሣሪያ ሳይተከል ሊቀር የሚችለው በምን ምክንያት ነው? በአካባቢያችሁ ይህን የሚመስል ነገር ካለ ምሳሌ ስጡ።